ተጨብጭቦልኝ ወረድኩ፤ የልጅቷን ጥያቄ ግን አልመለስኩም

ባዮሜድ_ጎንደር (ሰኞ፣ ማታ 3፡20)

እንዴት ከረማችሁ የጎንደር ልጆች። ረዘም ይላል፤ ቡና የሚያፈላ ካለ ቀድሞ ይጣደው።

ባዮሜዲካል ኢንጂነር ነኝ። ጅማ ተምሬ መጥቼ፣ እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ማሽን እጠግናለሁ። ሰው ጋውኔን ሲያይ "ሲስተር" ይለኛል። አይደለሁም ስል "ታዲያ ካቻቢቴ ምን ያደርግልሻል?" ይከተላል። ለምጄዋለሁ።

የካቲት 4 በዓለም ደረጃ የሴቶችና የልጃገረዶች ቀን በሳይንስ ተብሎ ይከበራል። እሱን ምክንያት አድርጎ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልምዴን እንዳካፍል ጠራኝ። ሄድኩ። "ይቻላል" አልኩ። "ሴት አትችልም የሚሏችሁን አትስሙ" አልኩ። ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር፤ መብራት ጠፋና በባዶ እጄ ቆሜ አወራሁ። ተጨበጨበ።

ጥያቄ ሲባል ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እርስዎ ተማሪ እያሉ ውሃ ማን ነበር የሚቀዳው?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። "ፕሮግራም አውጥቶ ማጥናት ነው ዋናው" ምናምን ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ እስከ ማራኪ ድረስ ጥያቄው አልለቀቀኝም። መልሱን አውቀዋለሁ እኮ። ውሃውን የምትቀዳው ታላቅ እህቴ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁማ።

ይህን ማይክ ይዤ መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ መሰለኝ።

አሁን አምስት ሆነን አንድ ነገር አስበናል። እኔ፣ አንዲት የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት፣ ሶፍትዌር የምትሠራ፣ የውሃ መሐንዲስ፣ ፋርማሲስት። እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ልጆች ይዘን ዓመቱን ሙሉ አብረናቸው ልንቆይ ነው። ንግግር የለም። ቲሸርት የለም። ሰርተፊኬት የለም። ቅዳሜ ጠዋት እየተገናኘን ሥራችንን እናሳያቸዋለን፣ የከበዳቸውን ትምህርት እናያለን። ከየትኛው ክፍል እንጀምር? ምን ሊበላሽ ይችላል? ሞክራችሁ የምታውቁ ንገሩን። ማበረታቻ አልፈልግም፣ በማበረታቻው ደክሜያለሁ።

አዘዞ_07 (ሰኞ፣ ማታ 3፡41)

ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ለወንዶቹስ? የኔ ወንድም ዘንድሮ 12ኛ ነው፣ እሱንም የሚመክረው የለም። ሁሉ ነገር ለሴት ሆነ።

ጋሽ_ኒውተን (ሰኞ፣ ማታ 4፡05)

እህቴ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ጠመኔ ስቅም ኖሬያለሁ።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሩ። 12ኛ ላይ የምትደርሱላት ልጅ ምክር የምትሰማበት ጆሮ የላትም፤ ፈተና ነው ያለባት። ፈተናውም የዋዛ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2። መቶ ልጅ ተቀምጦ ሦስት ሲያልፍ ወንድም ሴትም የለም፤ ሁሉም ወድቋል። (አዘዞ_07 ይህን ላንተም ብያለሁ።)

ግን አንድ የማየው ነገር አለ። አሥረኛ ክፍል ላይ ጎበዝ የነበረችው ልጅ 11ኛ ስትገባ "ሶሻል ነው የምመርጠው" ትላለች። ለምን? "ጓደኞቼ እዚያ ናቸው።" ወይም "ናቹራል ብገባ ማታ የማጠናበት ጊዜ የለኝም።" ሒሳብ ከበደኝ ያለችኝን ቆጥሬ አላውቅም፤ በጣት ነው።

ደግሞ እኛ ጋ ላብራቶሪ የሚባለው ክፍል ቁልፉ ያለው ሰው የሚገኝ ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው። መጽሐፉ "በሙከራው ተመልከቱ" ይላል። እኔ በጠመኔ እሥላለሁ። እናንተ እውነተኛውን ማሽን ካሳያችሁልኝ እኔ ልመርቃችሁ።

ባዮሜድ_ጎንደር (ሰኞ፣ ማታ 4፡12)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዘጠነኛና አሥረኛ አልን፣ ጸደቀ።

ፒያሳ_ኮደር (ሰኞ፣ ማታ 4፡30)

ሶፍትዌሯ እኔ ነኝ 🙋🏾‍♀️ ቤት ቁጭ ብዬ ነው ለውጭ ድርጅት የምሠራው። እናቴ እስካሁን ሥራ ፈት ነኝ ብላ ታስባለች።

ስለ ኮድ ልናገር። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኮርስ ነፃ ነው፣ በስልክም ይሞከራል፣ ይጀመር እላለሁ። ግን ሰርተፊኬቱን ስልካቸው ላይ አስቀምጠው አንድ መስመር መጻፍ የማይችሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ቪዲዮውን አይተው ነዋ የጨረሱት። ጎናቸው ቁጭ ብሎ "እስኪ ይህችን ቀይሪና ምን እንደሚሆን እይ" የሚላቸው አልነበረም።

እኔ ለአክስቴ ልጅ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ፓይተን (ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው) ስልኳ ላይ ጫንኩላት። "ሀ" ኮምፒውተር ውስጥ ስንት ቁጥር እንደሆነች ጠይቂው አልኳት። 4608 አላት። ለ? 4616። ሐ? 4624። ዝም ብላ አየችውና "በስምንት በስምንት ነው የሚሄደው!" አለች። ለምን? ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ሰባት ናቸው፣ ስምንተኛዋ ቦታ እንደ ሏ ላሉት ናት። ከዚያ ራሷ ደረሰችበት፤ ግዕዙ ላይ 3 ከደመርሽ ራብዕ ይሆናል። ለ ሲደመር 3፣ ላ። መ ሲደመር 3፣ ማ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቴክስት ላከችልኝ፤ የወንድሟን ስም በሙሉ ወደ ራብዕ ቀይራው እየሳቀች።

የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ አይፈልግም። ግማሹ ፍርሃት እንግሊዝኛው ነው እኮ።

የሦስት_እናት (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15)

ደህና አደራችሁ ልጆቼ። እኔ አልተማርኩም፣ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ብላችኋል። ቅዳሜ ገበያ ነው። እኔ ገበያ ስሄድ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። ቅዳሜ ካላችሁ ልጄ አትመጣም፣ እኔም አልክም። ክፋት እንዳይመስላችሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ከተበላ በኋላ ቢሆን ግን ማን ይከለክላታል።

ሌላው፣ የምትወስዷትን ቦታ መጀመሪያ እኔ ልየው። ሆስፒታል ነው ላብራቶሪ ነው ትላላችሁ፣ እኔ ግን የማላውቀው ቤት ነው። ማን ይዟት ሄደ፣ በስንት ሰዓት ትመለሳለች፣ እነዚህን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባዮሜድ_ጎንደር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡50)

እትዬ ተባረኪ። አምስታችንም ሁለት ሳምንት ሙሉ ስናቅድ ገበያውን አንዳችንም አላሰብነውም። እሑድ 8 ሰዓት ይሁን። በ10፡30 እናበቃለን፣ ባጃጅ ላይ እኛው እናሳፍራለን። መጀመሪያ እናቶች መጥተው ያያሉ። አንቺም ነይ፣ ቡና አለ።

ስላይድ (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30)

ላብራቶሪ ነኝ። ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ፈቃድ በደብዳቤ ይሁን። ልጆቹን የታካሚ ናሙና ወዳለበት ክፍል አላስገባም። ለማስተማሪያ የተቀመጡ ስላይዶች አሉ፣ እነሱ ይበቃሉ። ጓንትና ጋውን ግዴታ ነው። ማስቲካ ይዛ የመጣች ከበር ትመለሳለች 😅

ሁለተኛ፣ ሲያዩ የሚሆኑትን ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት የጎረቤት ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። የካላዛር ማስተማሪያ ስላይድ አሳየኋት። ሴሉ ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ የተጠቀጠቁ ትንንሽ ነጥቦች ናቸው። ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ላይ አላነሳችም። ከዚያ "ወንድሜን ያመመው ይሄ ነው?" አለችኝ። ወንድሟ መተማ ሰሊጥ ለማጨድ ሄዶ ታምሞ ነው የተመለሰው። እዚህ አገር ካላዛር ማለት እንዲህ ነው፤ ቆላ ለቀን ሥራ ወርደው በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው የሚመለሱ ልጆች በሽታ ነው። ሰዉ ወባ ነው ይላል፣ ሆዱ እስኪያብጥ ይቆያል።

ባዮሎጂ መጽሐፏ ላይ አንድ አንቀጽ ነበር እኮ። አንብባዋለች። ከወንድሟ ጋር ግን አላገናኘችውም።

ሁለተኛ_ዓመት (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10)

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ መራራ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት።

እንደናንተ ባሉ ሰዎች ተመክሬያለሁ። ሆቴል አዳራሽ ነበር። ኬክ ነበር። እኔና አንዲት በጣም የተማረች ሴት አብረን ፎቶ ተነሣን፣ "ሜንተርሽ ናት" ተባልኩ። አዲስ አበባ ነበር የምትኖረው፣ በቴሌግራም ነው የምንገናኘው። ከዚያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የ2015 መጨረሻ ትዝ ይላችኋል። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ እሷም ተቋረጠች። ከስንት ወር በኋላ ሲመለስ ግሩፑ ውስጥ የመጨረሻው መልእክት "መልካም አዲስ ዓመት" የሚል ነበር። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

እሷ ላይ አልፈርድም። ግን ያን ጊዜ ሰው የፈለግሁት ለምን እንደነበር ልንገራችሁ። ፍሬሽ ጨርሼ ዲፓርትመንት ስመርጥ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ ልዩነታቸው ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። በዕጣ ይመስል ነው የሞላሁት። ሌላም ነበር። አንድ መምህር "ውጤትሽን ከ11 ሰዓት በኋላ ቢሮ መጥተሽ እይ" አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ምን ብዬ እንደምመልስ ግን አላውቅም። የዶርም ጓደኛዬ "ብቻሽን አትሄጂም" አለችና ሦስት ሆነን ሄድን። ሦስት ሆነን ስንገባ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ወረቀቱን ሰጥቶን ወጣን።

ይህን አንድ የተማረች ሴት ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ኬክ ተበልቶ "ሕልምሽን ተከተይ" ነው የተባልኩት።

ፒያሳ_ኮደር (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡25)

የኔ እናት። እኔም አጋጥሞኛል። እኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ አልሄድኩም፣ ሲ ይዤ ወጣሁ።

ሲስተር_ጡረታ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00)

ልጆቼ፣ ሳነብ አመሸሁ።

ይህ ከተማ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለም። የጤና ኮሌጁ እዚህ ጎንደር የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለቴ ነው። ያኔ የሚያሠለጥነው ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ነበር። እኔ ኋላ ነው የገባሁት። ነርስ ሆኜ ከነሱ ጋር በአንድ ቡድን ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ተላክሁ። ጤና መኮንኑ ወንድ፣ ሳኒታሪያኑ ወንድ፣ ሴት እኔ ብቻ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቡና አፍይ አሉኝ።

እዚያ የነበረች አንዲት ታላቅ ነርስ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረው። "ቡናውን ዛሬ አፍይላቸው፣ ነገ እነሱ ያፈሉልሻል፣ ተራ አውጪ" አለችኝ። ተራ ወረቀት ጻፍኩና በር ላይ ለጠፍኩ። ሳቁብኝ፤ ግን አፈሉ። ሳኒታሪያኑማ ከኔ የተሻለ ያፈላ ነበር።

ለአዘዞው ልጅ፦ ወንዶቹንም ጥሩ ብለሃል። እውነትህን ነው። ጥሯቸውና እሑድ እሑድ ጀሪካኑን አሸክሟቸው፣ እህቶቻቸው ወደ ትምህርቱ ይሂዱ።

አዘዞ_07 (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡08)

ሲስተር 😂 እርስዎን ማን ይከራከራል። አሁንም አልተስማማሁም ግን። የሚወድቀው ሁሉም ነው፣ ጋሼም ብሏል።

ጋሽ_ኒውተን (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15)

የሚወድቀው ሁሉም ነው፣ አዎ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሌ መጥቶ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ግን ወንድ ብቻ ነው። ሴቷ በዚያ ሰዓት መውጣት አትችልማ።

ታና_ዳር (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00)

ለምን ታዋቂ ሰው አትጋብዙም? ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ አሉ፣ ፍኖተ ሰላም የተወለዱ፣ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ፣ ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን የመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸልመዋል። የአየር መንገዳችን አብራሪ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ አለች። ቤተልሔም ደሴ አለች፣ ልጅ ሆና ነው ኮምፒውተር የጀመረችው። ልጆቹ እነሱን ቢያዩ ነው የሚነሳሱት።

ስላይድ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡40)

ታሪካቸው ይነገር፣ ደስ ይለኛል። በተለይ የዶ/ር ሰገነት፣ የገጠር ልጅ ስለሆኑ። ግን ሳስበው፣ እኔ ልጅ ሆኜ ላብራቶሪ የገባሁት ሽልማት ባገኘ ሰው ተነሳስቼ አልነበረም። ጎረቤታችን የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ ሽንኩርት ልትበደር ስትመጣ እጇ ላይ ሐምራዊ ቀለም አይ ነበር። "ምንድነው?" አልኳት። ጊምሳ ነው፣ የወባ ስላይድ የምንቀባው አለችኝ። በቃ ያ ነው። ሽንኩርት የሚበደር ሳይንቲስት ነው ያየሁት።

ፒያሳ_ኮደር (ረቡዕ፣ ቀን 7፡02)

እኔ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዋን ትምኒት ገብሩንም እጨምራለሁ፣ ግን ለሥራው ስል። አዲስ አበባ ያደገች ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጡት ጥናት የፊት መለያ ሶፍትዌሮቹ የጠቆሩ ሴቶችን ፊት ወንድ ነው ወይስ ሴት ሲባሉ እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳቱ ነበር። ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ግን ከ1 በመቶ በታች። ይህን ለልጆች ስትነግሪያቸው ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ፊታቸው ላይ መሞከር ነው የሚጀምሩት። ትምህርቱ እዚያ ይጀምራል።

11ኛ_ቢ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡30)

ጤና ይስጥልኝ። እኔ 11ኛ ክፍል ነኝ። ናቹራል ነኝ። ዘጠነኛና አሥረኛ ብቻ ብላችኋል፣ እኔስ አልችልም? ሒሳብ 62 ነው ያመጣሁት፣ ፊዚክስ 58። ማሽን መፈታታት እወዳለሁ። የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም አቅቶኝ ተገርፌያለሁ።

ባዮሜድ_ጎንደር (ረቡዕ፣ ማታ 1፡36)

ሬዲዮውን ይዘሽ ነይ።

ባዮሜድ_ጎንደር (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ማታ 2፡00)

የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሑዶች ሪፖርት ላቅርብ።

በመጀመሪያው አሥራ አምስት ጠብቀን አራት መጡ። አንዷ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ነው የመጣችው፣ እናቷ ለቅሶ ሄደው። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው፣ መጀመሪያ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ኋላ የብሎኖች ኃላፊ አደረግነው፤ የተፈታውን ብሎን በሙሉ ሣህን ውስጥ እየቆጠረ ይይዛል። አንድም አልጠፋም።

ከአገልግሎት የወጣ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ፈታን። ከጎኑ ያለውን ፊልተር ሳወጣው አቧራው እንደ ሽሮ ዱቄት ቦነነ። "ታማሚው ይሄን ነው የሚተነፍሰው?" አለች አንዷ። አይ፣ ይህ አቧራውን ይይዛል፣ ሲደፈን ግን ኮምፕሬሰሩ አየር ያንሰዋል፣ ይሞቃል፣ ይቆማል። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ብቻ ነው ኦክስጅን። ማሽኑ ዚኦላይት በሚባል ጠጠር ውስጥ አሳልፎ ናይትሮጅኑን ያስቀርና ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ያወጣል። በየሳምንቱ ፊልተር የሚያጥብ ሰው ባለመኖሩ ብቻ ስንት ማሽን "ተበላሽቷል" ተብሎ ጥግ እንደተጣለ ብነግራችሁ። ደግሞ አንዳንዱ በዕርዳታ የመጣ በ110 ቮልት የሚሠራ ነው፣ እኛ ጋ 220 ነው፤ ሰው ሳያይ ይሰካዋል፣ ቡም።

ከዚያ ጋሽ ኒውተን (እሳቸውም መጡ፣ ቴርሞሜትር ይዘው) ውሃ እናፍላ አሉ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ጀበናው ተንተክትኮ ቴርሞሜትሩ 93 አካባቢ ቆመ። ልጆቹ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል አሉ። ሌላ አመጡ፣ ያው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ውሃው ከ100 በታች ይፈላል። ደባርቅ ብትወጡ ከዚያም ያንሳል። "ለዚህ ነው እንዴ አክስቴ ጋ ደባርቅ ባቄላ አልበስል የሚለው!" አለች አንዷ። እዚያ ላይ ኦቶክሌቩን አሳየኋቸው። ግፊት ጨምረን ነው እንፋሎቱን 121 ዲግሪ የምናደርሰው፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያው ንጹሕ የሚሆነው በዚያ ነው። ሲስተርም ነበሩ። "እኛ መርፌ በድስት ቀቅለን ነበር የምንወጋው" ሲሉ ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ።

የውሃ መሐንዲሷ በሁለተኛው እሑድ ሮዝ የሚያደርገውን የክሎሪን መመርመሪያ እንክብል አመጣች። ሁሉም ከቤታቸው በጠርሙስ ውሃ ይዘው መጡ። የቧንቧው ሮዝ ሆነ። አንድ ሳምንት በርሜል ውስጥ የቆየው ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ክሎሪኑ አልቋል ማለት ነው። ያቺ የበርሜሉ ባለቤት ወዲያው ለእናቷ ደወለች።

የሦስት_እናት (እሑድ፣ ማታ 2፡40)

የደወለችው ለኔ ነው። በርሜሉን አጥበነዋል።

ባዮሜድ_ጎንደር (ከሁለት ወር በኋላ፣ ሰኞ፣ ማታ 3፡10)

አሁን ዘጠኝ ሆነዋል። አንዷ ቀርታለች። ቤቷ ሄጄ ጠየቅኋት፤ "እኔ ሒሳብ መዝገብ ነው የምወደው፣ አንቺን እንዳላስቀይም ነበር የምመጣው" አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ምን ትወጃለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም! እኔው በጉጉቴ ኢንጂነር አድርጌያት ነበር። የፋርማሲስቷ ባል አካውንታንት ነው፣ ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ሴት የሥራ ባልደረባውን አገናኘን።

ፋርማሲስቷ ደግሞ ራሷ ተቀይራ ወደ ባሕር ዳር ሄዳለች። የሷን ሁለት ልጆች ስላይድ ወሰደቻቸው። ሌላ ሴት ባለሙያ እንፈልጋለን፤ መብራት ኃይልም፣ ቴሌም፣ ግብርናም ይሁን። ማውራት የምትወድ ባትሆን ይመረጣል።

እሑድ የተለገሰ ሴንትሪፉጅ (ደም እያሽከረከረ የሚለይ ማሽን) እንፈታለን፤ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ማንም አያውቅም። ፒንሳና ቴስተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። 8 ሰዓት።

ሁለተኛ_ዓመት (ሰኞ፣ ማታ 3፡25)

እኔ ልምጣ? ገና ተማሪ ነኝ፣ ባለሙያ አይደለሁም። ስለ ዲፓርትመንት ምርጫና ስለዚያ ስለ ቢሮው ነገር ግን ልነግራቸው እችላለሁ።

ስላይድ (ሰኞ፣ ማታ 3፡27)

ነይ እንጂ።

11ኛ_ቢ (ሰኞ፣ ማታ 3፡50)

እሑድ የኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ወንድሜ እቀዳለሁ ብሏል፣ ግን አላምነውም፣ ሰልፍ ይዤለት ነው የምመጣው። 8፡30 እደርሳለሁ። እኔ ሳልመጣ ሴንትሪፉጁን እንዳትከፍቱት።

ባዮሜድ_ጎንደር (ሰኞ፣ ማታ 3፡51)

አንከፍተውም።